ኢስታንቡል ላይ አንድ ቀን ከእማዬ ጋር፤ ዝርዝሬን እዩልኝ

ሻንጣዬ_ቀላል (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከእማዬ ጋር እህቴ ዘንድ እንሄዳለን። መንገድ ላይ ኢስታንቡል ረጅም ትራንዚት አለን። አርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እንደርሳለን። ቀጣዩ በረራ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ቪዛ ይዘናል። ሻንጣው በቀጥታ ስለሚሄድ በእጃችን የሚኖረው ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው።

ያሰብኳቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ሐጊያ ሶፊያ፣ ሰማያዊው መስጊድ፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት፣ የምድር ውስጡ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ግራንድ ባዛር፣ የቅመም ገበያው፣ ሱለይማኒዬ መስጊድ፣ የጋላታ ግንብ፣ ኢስቲክላል ጎዳና፣ ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት፣ በመጨረሻም በቦስፎረስ ላይ የጀልባ ሽርሽር።

እማዬ 66 ዓመቷ ነው። «እኔን አይደክመኝም» ትላለች። ግን ማታ ማታ ተደብቃ ጉልበቷን ስታሽ አያታለሁ። ይበቃናል ትላላችሁ?

ሰዓት_አክባሪ

11 ቦታ! ሰውዬው በአንድ ቀን ሁለት ሰርግ እንደሄደው ይሆንብሻል። ከሁለቱም ሳትበዪ።

ከቦታው አትጀምሪ። ከመመለሻው ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ። በረራው 7 ሰዓት ተኩል ከሆነ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ። ኤርፖርቱ ከከተማው ሩቅ ነው። ስለዚህ 3 ሰዓት ላይ ከተማውን መልቀቅ ነው። ጠዋት ደግሞ ከኢሚግሬሽን ወጥታችሁ፣ ፊት ታጥባችሁ፣ መሃል ከተማ እስክትደርሱ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የቀረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ምሳው፣ ወረፋውና ሽንት ቤቱ ሲነሣለት ግን ግማሹ ነው።

ሌላው፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈው «ቅዳሜ 01:30» ነው አይደል? ይሄ ነገር ስንት ሰው አስለቅሷል። ቅዳሜ ማታ መስሏቸው አንድ ቀን ዘግይተው የመጡ ሰዎች አውቃለሁ። አንቺ ገብቶሻል፣ ጎበዝ። ለእማዬም ንገሪያት።

የጀልባ_ወዳጅ

እዚያ ከተማ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ሰዓታቸው ከእኛው ጋር እኩል ነው፤ ክረምት ከበጋ አይቀይሩትም። የእጅ ሰዓትሽን መንካት አይጠበቅብሽም። የሚያምታታው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። የጀልባ ሰሌዳ ላይ 14:30 ካየሽ 8 ሰዓት ተኩል ነው።

አሁን ወደ ዝርዝርሽ። የጻፍሻቸው ሁሉ ጥሩ ናቸው። አንድም መጥፎ የለም። ችግሩ ጀልባውን መጨረሻ ላይ ማድረግሽ ነው፤ ጊዜ ከተረፈ የሚደረግ ነገር አስመሰልሽው። ኢስታንቡል ከውሃው ላይ ካልታየች አትታይም። ግማሿ አውሮፓ፣ ግማሿ እስያ ነው፤ መሃል ላይ ቦስፎረስ አለ። ሰርጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ በጣም ጠባቡ ቦታ ላይ 700 ሜትር ብቻ ነው። የጭነት መርከቡ፣ የዓሣ አጥማጁ ጀልባ፣ ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው፣ ሁሉም በአንድ ውሃ ላይ ይተላለፋሉ።

ለዚህ ደግሞ የቱሪስት ጀልባ አያስፈልግሽም። ኤሚኖኑ ወይም ካራኮይ መሳፈሪያ ሄደሽ የከተማውን ተራ የሕዝብ ጀልባ ያዢ። በአውቶቡስ ካርድ ነው የሚገባው። በእስያ ወገን ወዳለው ካድኮይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። ከኋላ በኩል ሻይ ይሸጣል፤ ወገቡ ቀጠን ባለች ትንሽ ብርጭቆ፣ ከሁለት እንክብል ስኳር ጋር። ሰው ሲሚት (ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት መሳይ ዳቦ) ይገዛና ግማሹን ራሱ ይበላል፣ ግማሹን ለወፎቹ ይወረውራል። ወፎቹ ከጀልባው ጋር እኩል እየበረሩ ከአየር ላይ ይቀልቡታል። እማዬ ይህን ካየች ቤተ መንግሥቱን ሁሉ ትረሳዋለች። በኔ ይሁንብሽ።

ታሪክ_ናፋቂ

ወንድሜ የጀልባ_ወዳጅ፣ አከብርሃለሁ፣ ግን ይሄ ምክር አይደለም። 1,500 ዓመት የቆመ ቤት አጠገብ ደርሰው ወፍ ሊቀልቡ ነው?

እህቴ፣ ሐጊያ ሶፊያን ከምንም በላይ አስቀድሚ። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ532 አስጀምሮ በ537 ያስጨረሰው ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በአምስት ዓመት! የጉልላቱ ስፋት 31 ሜትር ገደማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ነበረ፣ በ1453 መስጊድ ሆነ፣ በ1935 ሙዚየም፣ በ2020 እንደገና መስጊድ። ዛሬ ጎብኚ የሚገባው በክፍያ፣ በሌላ በር፣ ወደ ላይኛው ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ለሰጋጆች ነው። አይክፋሽ፤ የሚያምረው ላይኛው ነው። ጌታን መሃል አድርጎ እመቤታችንና መጥምቁ ዮሐንስ ሲማልዱ የሚያሳየው ሞዛይክ እዚያ ነው ያለው። ከወገባቸው በታች ያለው ሁሉ ረግፏል። ፊታቸው ግን ትናንት የተሠራ ይመስላል።

እዚያው ፎቅ ላይ የእብነ በረዱን አጥር ልብ ብለሽ እዪ። ከሰሜን አውሮፓ የመጣ አንድ ቫይኪንግ ስሙን በራሱ ፊደል ጭሮበታል። ሃልፍዳን ይባላል። ከሺህ ዓመት በፊት ቅዳሴ ረዝሞበት ይሆናል ብዬ እስቃለሁ ሁሌ።

ቶፕካፒ ግን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ሐረሙን (የሱልጣኑ ሴቶችና ቤተሰብ ይኖሩበት የነበረውን) ጨምረሽ በሁለት ሰዓት አይሆንም። ጊዜ ከሌለሽ ባትገቢ ይሻላል። ለሌሎቻችሁም፣ ማክሰኞ ዝግ ነው። ዶልማባህቼ ደግሞ ሰኞ።

ነጋዴው

ላሌሊ የሚባለው የኢስታንቡል የንግድ ሰፈር ለልብስ ስመላለስ ዓመታት ሆኖኛል። ሐጊያ ሶፊያ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፣ እውነቱን ልናገር። በውጪ ግን መቶ ጊዜ አልፌያለሁ።

የኔ ምክር ስለ መንገዱ ነው። ታክሲ አትመኑ። አርብ ማታ ድልድዮቹ ላይ የሚሆነውን አላህ ያውቃል። አንዴ ከእስያው ወገን በታክሲ ልመለስ ብዬ አንድ ቦታ ላይ 50 ደቂቃ ቆምን። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሲጋራ ለኮሰ። እኔ መሪውን ልነክስ ደርሼ ነበር። አውሮፕላኑን ያገኘሁት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው።

ከኤርፖርቱ ሜትሮ አለ፣ ኤም 11 ይሉታል። ጋይሬቴፔ ያደርሳችኋል። እዚያ ወደ ኤም 2 መቀየር ነው። ዝውውሩ ረጅም ነው፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃው አያልቅም፣ ግን ሊፍት ስላለ እናትሽን በሊፍት ውሰጃት። ኢስታንቡልካርት የሚባለውን ካርድ ከማሽኑ ግዙ። አንድ ካርድ ለሁለት ሰው ይሠራል፣ ሁለቴ ማስነካት ብቻ ነው።

ደግሞ ትኬታችሁ ላይ ኤርፖርቱን አረጋግጡ። ከተማው ሁለት ኤርፖርት አለው። ሳቢሃ ጎክቼን የሚባለው በእስያ በኩል ነው። አንድ ጓደኛዬ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንደሚወጣ ያወቀው ቡና እየጠጣ ነው።

ሻንጣዬ_ቀላል

ሁለቱም በዋናው ነው፣ አሁን አየሁት። ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።

ስለዚህ ቶፕካፒን ሰረዝኩ። ዶልማባህቼንም ሰረዝኩ። ጠዋት ግራንድ ባዛር፣ ከዚያ ቀትር ላይ ሐጊያ ሶፊያና ሰማያዊው መስጊድ፣ ከዚያ ጀልባ። እንዴት ነው?

አልቸኩልም

አርብ ነው ያልሽው አይደል?

አርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሶላት ነው። ሁለቱም ለጎብኚ ይዘጋሉ። መልሰው የሚከፍቱት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰማያዊው መስጊድ በሌላውም ቀን በሶላት ሰዓት ለጎብኚ ዝግ ነው። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ በር ላይ ቆማችሁ ሚናራ ትቆጥራላችሁ። ቁጥሩን እኔ ልንገርሽ፣ ስድስት ነው።

ሰዓት_አክባሪ

አልቸኩልም አዳናቸው። እኔ ሰዓቱን ስቆጥር ቀኑን ረሳሁት። አፈርኩ።

ታሪክ_ናፋቂ

እኔም አልፎኛል። ታዲያ ገልብጪው። ሐጊያ ሶፊያን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ እንደተከፈተ። ግራንድ ባዛር የትም አይሄድም (እሑድ ካልሆነ)። ከሐጊያ ሶፊያ ወጥታችሁ መንገዱን ስትሻገሩ የውሃ ማጠራቀሚያው አለ። ከመሬት በታች 336 ዓምዶች ውሃ ላይ ቆመው ታያላችሁ፣ እያንዳንዳቸው 9 ሜትር። ከወዲያኛው ጫፍ ሁለት ዓምዶች ሥር የሜዱሳ (ፀጉሯ እባብ የሆነው የግሪክ ተረት ሴት) ራስ አለ፤ አንዱ በጎኑ ተጋድሟል፣ ሌላው ተዘቅዝቋል። ለምን እንደዚያ እንዳስቀመጡት ብዙ ይተረካል። እኔ የማምነው ቀላሉን ነው፦ ከሌላ ሕንፃ የመጣ ድንጋይ ነው፣ ቁመቱ እንዲገጥም አድርገው ሸጎጡት።

ጉልበት_ይስጠን

ልጆች፣ እናንተ ስለ ድንጋይ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ስለ ደረጃ ልናገር። 68 ዓመቴ ነው። አምና ከልጄ ጋር እዚያው ነበርኩ።

የኔ ልጅ፣ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው መውረጃው 52 ደረጃ ነው። እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ፣ እያንዳንዱን። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉም እርጥብ ነው። ሐጊያ ሶፊያም ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት አለው፤ ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ለስልሷል። ሁለቱን አከታትላችሁ እንዳታደርጉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ወይም በመካከል ቁጭ በሉ። ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ሜዳ ነው፣ አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። የድመቱ ብዛት ደግሞ! አንዷ ጭኔ ላይ ተኝታ አልነሣም ብላኝ ነበር።

የጋላታ ግንብ ያልሽውን ተዪው። ግንቡ ውስጥ ሊፍት አለ ይሉሻል፣ አዎ አለ። ግን ግንቡ ጋ ለመድረስ ያለው ዳገት ለብቻው አንድ ሐጅ ነው።

ጀልባው ላይ ስትገቡ ከመሬቱ ወደ ጀልባው የሚዘረጋው ጣውላ ጠባብ ነው፣ ይወዛወዛል። ሕዝቡ ይጋፋል። እናትሽን ይዘሽ መጨረሻ ላይ ግቢ። ላይኛው ፎቅ ያምራል፣ ታችኛውም መስኮት አለው።

እናትሽ «አልደከመኝም» ካለች ደክሟታል። እኛ እንደዚህ ነን።

ሻንጣዬ_ቀላል

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን መስመር ለእህቴ ላክሁላት፣ ሁለታችንም ዝም አልን።

ስለ ጀልባው አንድ ጥያቄ። ኤሚኖኑ ላይ «የቦስፎረስ ሽርሽር» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ አየሁ በፎቶ። የሁለት ሰዓት ነው ይላል። ከተራው ጀልባ ይሻላል?

የጀልባ_ወዳጅ

የሚፈልጉት ውሃውን ብቻ ከሆነ የሁለት ሰዓቱ ይሠራል። እስከ ሁለተኛው ድልድይ አካባቢ ሄዶ ይመለሳል። እናትሽ አንድ ቦታ ተቀምጣ ሁሉ ነገር በፊቷ ያልፋል፤ ዶልማባህቼን፣ የመጀመሪያውን ድልድይ (1973)፣ ሩሜሊ ሒሳርን ታያለች። እሱ ምሽግ በ1452 በአራት ወር ገደማ የተሠራ ነው፣ ኮንስታንቲኖፕል (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ከመያዟ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። የከተማው አስተዳደር ጀልባ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። አንዳንዶቹ የግል ጀልባዎች ድምፅ ማጉያ ይከፍቱና ጆሮ አይተርፍም።

ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ረጅሙ ሽርሽር ግን ለናንተ አይሆንም። እስከ ጥቁር ባሕር አፍ ድረስ ነው የሚሄደው።

እኔ ብሆን ግን ተራውን። ምክንያቱም ተራው አንድ ቦታ ያወርድሻል። ሽርሽሩ ወደ ተነሣሽበት ይመልስሻል።

ታሪክ_ናፋቂ

አሁን ጥሩ ነገር ተናገርክ። ሩሜሊ ሒሳር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጋላታ ድልድይ ጋ ስትደርሱ ለእማዬ የምትነግሪያት።

በድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ወርቃማው ቀንድ ይባላል። የከተማዋ የጥንት ወደብ ይሄ ነው። ጠላት በመጣ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ትልቅ የብረት ሰንሰለት ይዘረጉበት ነበር። በ1453 ሱልጣን መሕመድ ዳግማዊ ሰንሰለቱን መበጠስ ሲያቅተው ምን አደረገ? መርከቦቹን ከቦስፎረስ አውጥቶ፣ ስብ በተቀባ ግንድ ላይ እያንሸራተተ፣ ከጋላታ ጀርባ ያለውን ኮረብታ አሻግሮ እዚህ ውሃ ውስጥ ጣላቸው። ጠዋት የከተማው ሰው ከቅጥሩ ላይ ሆኖ ሲያይ የጠላት መርከብ በወደቡ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልቆየችም፤ በፈረንጆቹ ሜይ 29 ወደቀች።

ዛሬ ድልድዩ ላይ መቶ ሰው ተደርድሮ ዓሣ ያጠምዳል። ከኋላ ስታልፉ ጭንቅላታችሁን ጠብቁ፣ መንጠቆውን ወደ ኋላ ነው የሚወነጭፉት።

ነጋዴው

በኤም 2 ስትመጡ ሐሊች የሚባል ጣቢያ አለ። ጣቢያው ራሱ ድልድይ ላይ ነው፣ ከወርቃማው ቀንድ በላይ። ወርዳችሁ አምስት ደቂቃ እዩና የሚቀጥለውን ባቡር ያዙ። ደረጃ የለ፣ ዳገት የለ። አሮጌው ከተማ ከነሚናራው በአንድ በኩል፣ የጋላታ ግንብ በሌላ በኩል። ለእናትሽ ግንቡን ከዚህ በላይ አሳምሮ የሚያሳያት ቦታ የለም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ጫማ የሚጠርግ ሰው ፊታችሁ ሲሄድ ብሩሹ ይወድቅበታል። አታንሡለት! ካነሣሽለት «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ጫማሽን በነፃ ልጥረግ ይላል፣ ከዚያ ነፃው ሒሳብ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል። ሦስተኛው ላይ እንኳ እጄ ብሩሹን ሊያነሣ ሄዶ ነበር።

ስም_አይጠሬ

ትኬታችሁ በቱርክ አየር መንገድ ከሆነ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ለሚቆይ መንገደኛ ነፃ የከተማ ጉብኝት አላቸው። ኤርፖርቱ ውስጥ ነው የሚመዘገቡት። ምግቡም አብሮ ነው።

ጉልበት_ይስጠን

እሱ ጥሩ ነው፣ ለጎረምሳ። ባንዲራ የያዘችዋ ልጅ እንዴት እንደምትሄድ አይተሃል? እኛ እዚያው የመጀመሪያው በር ላይ ነው የምንቀር።

ሻንጣዬ_ቀላል (ሐሙስ)

እሺ። የመጨረሻው እቅድ ይሄ ነው። ከዚህ በኋላ አልለውጥም፣ እንዳትፈትኑኝ።

ጠዋት በሜትሮ፣ ሐሊች ላይ ወርዶ ማየት። ከዚያ ሐጊያ ሶፊያ ልክ 3 ሰዓት። አደባባዩ ላይ እረፍት። እማዬ ደህና ከሆነች ውሃ ማጠራቀሚያው፣ ካልሆነች እኔም አልገባም። ጁምዓ ሳይጀምር በትራም ኤሚኖኑ። ጀልባ ወደ ካድኮይ፣ እዚያ ምሳና ቁጭ ማለት። ከሰዓት በኋላ እዚያው እስያ ወገን ወዳለው ኡስኩዳር፣ ጀንበር ስትጠልቅ ከባሕሩ ዳር ውሃ መሃል ያለውን የልጃገረዷን ግንብ ማየት። ከዚያ ከኡስኩዳር በባሕር ሥር በሚያልፈው ባቡር ወደ የኒካፒ፣ ኤም 2፣ ኤም 11፣ ኤርፖርት። ድልድይ የለም፣ ታክሲ የለም።

ከ11 ቦታ 3 ቀረ።

ሰዓት_አክባሪ

ጀንበሯ በዚያ ሰሞን 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የምትጠልቀው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፋችኋል። አሁን ነው እቅድ የሆነው።

ታሪክ_ናፋቂ

ሰማያዊውን መስጊድ ሳያዩ… እሺ። ዝም ብያለሁ።

ሻንጣዬ_ቀላል (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ደርሰናል። እህቴ ጋ ነን። ቃል ስለገባሁ የሆነውን ልጻፍ።

ሜትሮው እንዳላችሁት ነው። ሐሊች ላይ ወረድን። ገና ፀሐይ እየወጣች ነበር። እማዬ ሐዲዱን ተሻግራ ልታይ ስትል የጣቢያው ዘበኛ በፊሽካ መለሳት። ሳቀችበት፣ እሱም ሳቀ።

ሐጊያ ሶፊያ 3 ሰዓት ላይ ደረስን። ወረፋው የዓለም ሕዝብ ነው። እማዬ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንቺ ግቢ፣ እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ» አለች። ተጨቃጨቅን። እትዬ ጉልበት_ይስጠን፣ ያቺ መስመርዎ ትዝ አለችኝ። ገባሁ፣ በአርባ ደቂቃ ወጣሁ። ሞዛይኩን አየሁት። ታሪክ_ናፋቂ፣ ልክ ነህ፣ ፊታቸው። በስልኬ አንሥቼ ለእማዬ አሳየኋት። ስልኩን ስማ መለሰችልኝ። ሃልፍዳንን ግን አላገኘሁትም። አጥሩን ሁሉ ጎንበስ ብዬ ሳየው አንድ ጥበቃ ዕቃ የጠፋብኝ መስሎት አብሮኝ ፈለገ።

ስመለስ እማዬ አደባባዩ ላይ ከግብፅ የመጣው ሐውልት ሥር ተቀምጣለች። ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ድመት። ስለ ሐውልቱ ያነበብኩትን ልነግራት ስል እሷ ቀደመችኝ። «ይሄን ድንጋይ በገመድ ነው ያቆሙት» አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት ጣቷን ወደ ግርጌው ቀሰረች። እውነትም ከታችኛው መቀመጫው ላይ ሰዎች ሐውልቱን ሲያቆሙት ተቀርጿል። እኔ ሦስት ጊዜ አልፌው አላየሁትም። እሷ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስታየው ቆይታለች። የፈርዖን ቱትሞስ ነው፣ በ390 ነው እዚህ የቆመው ብዬ የሸመደድኩትን ጨመርኩላት። «እና ያን ሁሉ መንገድ በምን አመጡት?» አለች። በመርከብ። «ታዲያ መርከቡንም መቅረጽ ነበረባቸው» አለች።

ውሃ ማጠራቀሚያው ቀረ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ኤሚኖኑ ላይ መሳፈሪያዎቹ ጎን ለጎን ናቸው። ጥሩንባ ሲነፋ፣ ሰው ሲሮጥ፣ እኔም እማዬን ይዤ ሮጥኩ። ተቀመጥን፣ ሻይ ገዛን፣ ሲሚት ገዛን። ከተንቀሳቀስን በኋላ ነው የገባኝ፤ የካድኮዩ ጀልባ አልነበረም። የኡስኩዳር ነው። ሙሉ እቅዴ ውሃ በላው። ልነግራት ፈርቼ ዝም አልኩ። እሷ መስኮቱን አስከፍታ ሲሚቷን በትናንሹ እየቆረሰች ትወረውራለች። አንዱ ወፍ ከእጇ ሊወስድ ሲቃረብ ጮኸች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡ አንዲት የአገሩ ሴት የራሳቸውን ሲሚት ግማሽ ቆርሰው ሰጧት። ምንም አልተነጋገሩም፣ ቋንቋ የለማ። ሲሚት እየተቀባበሉ ተሻገርን።

ኡስኩዳር ወርደን እዚያው ቀረን። መሳፈሪያው ፊት ለፊት ካለው መስጊድ አጠገብ ምሳ በላን። ከዚያ በባሕሩ ዳር ቀስ እያልን፣ ወንበር ባገኘን ቁጥር እየተቀመጥን፣ ግንቡ ጋ ደረስን። መንገዱ ሜዳ ነው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አንድ ቦታ ነው ያሳለፍነው። መርከብ ስታይ ነበር። አንዱ ከላይ እስከ ታች ኮንቴይነር የጫነ፣ ፎቅ የሚያክል፣ ድምፅ ሳያሰማ አለፈ። «ማን ነው የሚነዳው፣ ሰው አይታይም እኮ» አለች። ጀንበሯ ከነሚናራዎቹ ጀርባ ስትወርድ ታሪክ_ናፋቂ ትዝ አልከኝ። ሰማያዊው መስጊድ ከማዶ ይታያል። ሚናራዎቹን ቆጠርን። እማዬ አምስት አለች፣ አንዱ ተደብቆ ነበር።

ኤርፖርት 4 ሰዓት ላይ ደረስን። ጉልበቷን አላሸችም። ወይ እኔ ፊት አላሸችም።

ታሪክ_ናፋቂ

መርከቡንም መቅረጽ ነበረባቸው! እናትሽን ወደዚህ ውይይት አምጪያት።

የጀልባ_ወዳጅ

የተሳሳተ ጀልባ የሚባል ነገር የለም አልልም፣ እኔም አንዴ ተሳስቼ ፈተና አምልጦኛል። ግን ለናንተ ሠራ። ሁለታችሁንም እንኳን ደስ አላችሁ።

ጉልበት_ይስጠን

ሲሚት ያካፈለቻት ሴት ዕድሜዋ ስንት ይሆናል የኔ ልጅ? እኔንም አንዷ ዘይቱን አጉርሳኛለች። እሷው እንዳትሆን።

ሻንጣዬ_ቀላል

ሃሃ፣ ሰባ ገደማ፣ አረንጓዴ ሻርፕ።

በነገራችን ላይ ኢስታንቡልካርታችን ላይ ትንሽ ሒሳብ ቀርቷል። ሲመለሱ በዚያ የሚያልፍ ካለ እልካለሁ፤ የሁለት ሰው ጀልባ ደርሶ መልስ ይሸፍናል።

አልቸኩልም

እኔ በኅዳር አልፋለሁ። ማክሰኞ ነው፣ አይቻለሁ፣ ቶፕካፒ ዝግ ነው። ካርዱን ላኪልኝ።